ከዲዳዋ ባጃጅ ፊት ፊት

ልጄ የአባቷን ባጃጅ ግቢያችን ውስጥ መፍታት በጀመረችበት ቀን በአጥሩ ሽቦ ላይ ብርድ ልብስ አሰጣሁ። ብርድ ልብሱ አልታጠበም፣ እርጥብም አልነበረም። መንገደኛ ልጄን በሰማያዊ ቱታ፣ እስከ ክርኗ ግራሶ ተቀብታ እንዳያያት ብዬ ነው።

እሷ ቀና ብላ አየችውና «እማዬ፣ ብርሃኑን ጋረድሽብኝ እኮ» አለችኝ።

«ፀሐይ ይምታው ብዬ ነው» አልኳት። ያሰጣሁት ግን በጥላው በኩል ነበር። እሷም አይታዋለች። ወደ ብሎኖቿ ተመለሰች።

የምንኖረው ሰበታ ነው፤ ከጅማው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ኮረኮንቹ መንገድ ላይ። ባለቤቴ ሹፌር ነው። መጀመሪያ የፋብሪካ ሰርቪስ ይነዳ ነበር፣ በኋላ ይህችን ባጃጅ ገዛ። ሦስታችንንም ያኖረችን እሷ ናት። ከዚያ ቤንዚን እንደ ልብ መገኘቱ ቀረ። ማደያ ሰልፍ ላይ ይውላል፣ ተራው ሲደርስ አለቀ ይባላል። ሲቸግረው ከመንገድ ዳር በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጠውን ይቀዳ ነበር፤ ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን ዓለም ገና ላይ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ። ባጃጇ እየተገፋች መጥታ ግቢያችን ውስጥ ላስቲክ ለብሳ ቀረች። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ላስቲኩን ይገልጥና ገብቶ መሪዋን ይይዛል። የትም አይሄድም። እንዲያው ይዞ ይቀመጣል። እኔ በመስኮት አየዋለሁ፤ እንዳየሁት እንዳያውቅ ደግሞ ከመስኮቱ እርቃለሁ።

ያኔ ነው ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ የተጠራነው። ማይክ የያዘው ወጣት ኃላፊ ብዙ ተናገረ፤ እኔ የያዝኩት ይህን ያህል ነው። የባጃጁን የቤንዚን ሞተር አውጥቶ በገዛ እጁ ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይር ሰው መንግሥት ማበረታቻ አዘጋጅቷል። ባትሪውና አዲሱ ሞተር በማህበር በኩል ከቀረጥ ነፃ ይገባል። ቡራዩ ላይ ምርመራ ይደረጋል፣ ምርመራውን ያለፈ ባጃጅም አስፋልቱ ላይ እንዲሠራ ታፔላ ይሰጠዋል። ይህን ሲል አዳራሹ ተንጫጫ። ባጃጅ አስፋልት እንዳይወጣ ከተከለከለ ቆይቷል፤ ነጂዎቹ ኮረኮንቹ ላይ እየተጋፉ ነው የሚውሉት። ታፔላ ማለት እንጀራ ማለት ነው።

ልጄ እጇን አወጣች። «ባለቤቱ ራሱ ካልቻለ ቤተሰቡ መሥራት ይችላል?»

«ማን ነው የሚሠራው? ወንድምሽ?»

«እኔ።»

አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ኃላፊውም ፈገግ ብሎ «በርቺ፣ ይቻላል» አላት። እኔ ግን ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት «ልጅሽ ናት?» ብትለኝ ኖሮ ምን እንደምመልስ እያሰብኩ ነበር። ደግነቱ አልጠየቀችኝም።

ልጄ ቴክኒክና ሙያ ገብታ የመኪና ኤሌክትሪክ ተምራለች። ስትመረቅ ፎቶዋን ሳሎን ሰቅያለሁ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ ልጄ ተምራ ስትጨርስ ቢሮ የምትገባ ይመስለኝ ነበር። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ንጹሕ እጅ። ፋብሪካ ለፋብሪካ ማመልከቻ ይዛ ዞራ አልተሳካላትም። እና አሁን ግቢያችን ውስጥ በመዶሻ ትቀጠቅጣለች።

ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ሐጂ አንድ ቀን ጨው ልገዛ ስገባ «ልጅቷ ምን እየሠራች ነው? ሥራ አገኘች?» አሉኝ።

«አዎ፣ ኮምፒውተር ነው የምትሠራው» አልኳቸው።

ሐጂ ጨውን እየሰጡኝ ወደ ግቢያችን ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ኮምፒውተር በመዶሻ ነው እንዴ የሚሠራው?»

ጨዋታቸው ነው፣ ሰውየው ተጫዋች ናቸው። እኔ ግን ሱቃቸው ለመግባት እያፈርኩ ጨውም ዘይትም እላይ ሰፈር ድረስ ሄጄ ስገዛ ሰነበትኩ።

ኤሌክትሪክ እፈራለሁ። ዝናብ ሲያጉረመርም ቴሌቪዥኑንም ፍሪጁንም የምነቅል ሰው ነኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ኃይሉ እስኪረጋጋ ሶኬት አላስነካም። የባትሪዎቹ ሣጥን ከማህበሩ መጣ። የባትሪ እሳት በውሃ እንደማይጠፋ ስለሰማሁ ደረቅ አፈር በሳፋ ሞልቼ አጠገቧ አኖርኩ። ኮንጎ ጫማ ገዝቼ ካላደረግሽ አትነኪውም አልኳት። አደረገችው። ባጃጇን ቻርጅ ላይ ስትሰካት ወንበር አውጥቼ አጠገቧ እጠብቃለሁ፤ ሻይ እንኳን አላፈላም። ልጄ በዚህ አልተቆጣችኝም። «እማዬ ከፊውዙ ትበልጣለች፣ ገና ሳይነካት ነው የምትቃጠለው» ብላ አባቷን አሳቀችው።

ባጃጇ ለመጀመሪያ ጊዜ በኤሌክትሪክ ስትንቀሳቀስ አላየኋትም። ጀርባዬን ሰጥቼ ልብስ አጥብ ነበር። ቀና ስል ከጎኔ ቆማለች፤ ባለቤቴ መሪው ላይ፣ ልጄ ከኋላው፣ ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ያ ጠጠጠ የሚለው ድምፅ የለም፣ ጭሱ የለም፣ መስኮቱን የሚያንቀጠቅጠው ነገር የለም። እጄ በአረፋው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ዝምታዋን ወደድኩት። ሌላው ሁሉ ያስፈራኛል፣ ዝምታዋን ግን ወደድኩት። ጎረቤት ሳይሰማ ይወጣል፣ ጎረቤት ሳይሰማ ይገባል። ማንም «የሴት ልጅ ሥራ ቆመ እንዴ?» ሳይል እንሞክራታለን። ብትበላሽም የሚያይ የለም።

ስለዚህ ከግቢ የምትወጣበትን ሰዓት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማለዳ ይሁን አልኩ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ክላክስ እንዳትነኩ ብዬም ለመንኳቸው።

በእኛ መንገድ ማለዳ ማለዳ አንድ መምህር ያልፋሉ። ዓይነ ስውር ናቸው። ሕፃን ሳሉ ነው እዚህ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መጥተው የተማሩት፤ አሁን እሳቸውም አስተማሪ ናቸው። ሰበታ ላይ ዱላ ይዞ በጆሮው የሚሄድ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ልጆቻችንም ለእነሱ መንገድ እየለቀቁ ነው ያደጉት። መምህሩ በራችን ሲደርሱ ቆም ይላሉ። በመጥረጊያዬ ድምፅ ያውቁኛል።

«አዴ፣ አካም ቡልቴ?» ይሉኛል በኦሮምኛ፣ እናቴ እንዴት አደርሽ ለማለት።

«ነጋ፣ ደህና፣ መምህር፣ እርስዎስ?»

«ደህና ነኝ። መጥረጊያሽ ግን አርጅቷል፣ ባልሽን አስገዢው።»

የባጃጆቹን ድምፅ ሁሉ ለይተው ያውቃሉ። ይሄ የእገሌ ነው፣ ይሄኛው ካንዴላው ቆሽሿል፣ ይላሉ። የባለቤቴን ባጃጅ ገና ከሩቅ ሳለች ሰምተው እጃቸውን ያነሱላት ነበር።

ያን ቀን ማለዳ ባለቤቴ ይነዳል፣ እኔና ልጄ ከኋላ ተቀምጠናል። እኔ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነበር። መንገዱን ወደሚያቋርጠው የውሃ ቱቦ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ መምህሩን ከፊታችን አየናቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውናል፣ መሐል ለመሐል በዱላቸው እየነካኩ ይሄዳሉ። ባለቤቴ አውራ ጣቱን ወደ ክላክሱ አስጠጋ።

ትከሻውን ነካሁት። «ተው፣ ሰው ይነሳል። ቦታ አለ፣ በጎን እለፋቸው።»

በጎን ሊያልፋቸው መሪውን አዞረ። በዚያው ቅጽበት መምህሩ ዱላቸው ውሃ ሲነካ ለመሸሽ ወደዚያው ጎን ዞሩ። ባለቤቴ ፍሬን ያዘ፤ ባትሪው ከብዷት ኮረኮንቹ ላይ ትንሽ ተንሸራተተች። የአንድ ክንድ ያህል ብቻ ነበር። ዱላው ጎማው ሥር ገብቶ ቀጭ ሲል ሰማሁ፣ መምህሩ ቦዩ ውስጥ ወደቁ።

ከቦዩ ውስጥ ሆነው «ማነው?» አሉ። «ማነው የገፋኝ?»

ሰው የገፋቸው መስሏቸው ነበር። ጥሩ ጆሮ ያላቸው ሰው፣ ከኋላቸው ሦስት ሆነን ስንመጣ ምንም አልሰሙም። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል፣ ሊቀሙኝ ነው ብለው። ያን አያያዝ አልረሳውም።

«እኛ ነን፣ መምህር፣ እኛ ነን» አለች ልጄ፤ ዘላ ወርዳ ቦዩ ውስጥ ገብታለች። እኔ ገና ከወንበሩ አልተነሳሁም። ጎረቤቱ በር በሩን እየከፈተ ወጣ። እንዳያዩኝ የሸሸኋቸው ሁሉ፣ ሐጂም ጭምር፣ በጋቢያቸው ከበውን ቆሙ።

የመምህሩ የእጅ አንጓ ተሰንጥቆ በጀሶ ታሰረ። ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ወስዶ መለሳቸው፣ እኔ ሾርባ ይዤ ቤታቸው ስገባና ስወጣ ሰነበትኩ። በሄድኩ ቁጥር ያነሱት የነበረው ስብራታቸውን አልነበረም።

«ባጃጅ ነው ሲሉኝ አላመንኩም» ይሉኛል። «አዴ፣ ባጃጅማ አውቃለሁ። መሬት ላይ የሚሄድ ነገር አልሰማሁም። ካሁን በኋላ ዝም ያለውን መንገድ ሁሉ እንዴት ልመነው?»

ሾርባውን አቀብላቸዋለሁ፣ ዓይኔን ከእሳቸው ላይ አነሳለሁ። አያዩኝም እኮ፤ እኔ ግን አቀርቅሬ ነበር የምቀመጠው።

የሰፈሩ የባጃጅ ልጆችም ስም አወጡላት። ወደ ወፍጮ ቤት ስሄድ ከተራው ቦታ ሆነው «ማዘር፣ ዲዳዋ ደህና ናት? ዛሬ ማንን ገፋች?» ይሉኛል። ስቄ ለማለፍ እሞክራለሁ፤ ከንፈሬ ግን አይታዘዘኝም።

የምርመራው ቀን ሲቃረብ መምህሩ የታሰረ እጃቸውን በሻርፕ አንጠልጥለው መጡ።

«የቡራዩ ሰዎች ከማየታቸው በፊት እኔ ልመርምራት» አሉ ልጄን።

«እንዴት አድርገው፣ መምህር?»

«ጀርባዬን ሰጥቼ መንገዱ ላይ እቆማለሁ። አባትሽ ከኋላ ይምጣ። ስሰማት እጄን አነሳለሁ። ካላነሳሁ ወድቃለች፣ ያው እኔም ወድቄያለሁ።»

ልጄ በመጀመሪያ ጲጲ የሚል ነገር ገጠመችላት። መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ የሰው ስልክ ነው የሚመስለኝ። ደግሞም ስትቆምም ያው፣ ስትሮጥም ያው። እየመጣች መሆኗን አልነገረችኝም።» ቃጭልም አንጠለጠልን፤ ለስላሳ ቦታ ላይ ዝም አለ። ባለቤቴ ባጃጇን እንደገና ወደ ኋላ ወስዶ በመጣ ቁጥር የመምህሩ እጅ አልተነሳም፤ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ያያል፤ እኔ በሩ ሥር ቆሜ ምድር በዋጠችኝ እላለሁ።

በመጨረሻ ልጄ ውሃ የምቀዳበትን ቢጫ ጀሪካን ጠየቀችኝ። ከጎኑ ምላስ የመሰለ ቁራጭ ቆረጠችና ከኋላው ጭቃ መከላከያ ላይ በብሎን አሰረችው፤ ጫፉ የጎማውን ብሎኖች እየነካካ ጠጠጠ እንዲል። ቀስ ስትል ቀስ ይላል፣ ስትፈጥን ይፈጥናል። ባለቤቴ ከሩቅ ተነሳ። ገና ከሐጂ ሱቅ ሳያልፍ መምህሩ እጃቸውን አነሱ፤ ጀሶ ያለበትን እጅ ነው ያነሱት።

«ይህቺ መጣች!» አሉ። «ይህቺን አውቃታለሁ። ገለቶሚ፣ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ልጄ በግራሶ እጇ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ደስ አለኝ፤ ግን ደግሞ ድምፁ ያሳፍር ነበር። የልጆች የጎማ መጫወቻ ይመስላል። የባጃጅ ልጆቹ «ዲዳዋ መንተባተብ ጀመረች» አሉ።

ለምርመራ ወደ ቡራዩ በሄድንበት ቀን ባጃጇን የጫነልን የሐጂ አይሱዙ ነው፣ ከነሹፌራቸው። ያን ያህል መንገድ በባትሪው አይኬድም፣ ታፔላ ሳይኖረንም አስፋልት መውጣት አይፈቀድም። ስንወጣ መምህሩ በር ላይ ነበሩ። «ስትመለሱ ከቱቦው ጋ እጠብቃችኋለሁ» አሉ። «ከማንም በፊት የምሰማት እኔ ነኝ።»

ቡራዩ ሰፊ ግቢ ውስጥ ከየከተማው የመጡ ሰዎች ተሰልፈዋል። አይሱዙው ሲገባ አንዱ ጮኸ፦ «ኧረ ኤሌክትሪኳን እዩዋት፣ በናፍጣ ተጭና መጣች!» ሁሉም ሳቀ። ከፊታችን የነበረው ከሱሉልታ ወተት የሚያመላልስ ሰው ብቻ «ምን ያስቃችኋል፣ የእኔስ በምን የመጣች መሰላችሁ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ አይዞሽ። ዛሬ ካለፈች ማን እንደሚስቅ እንጃ።»

እሱም የጭነት ባጃጁን ራሱ ነው የቀየረው። ከጎማው አጠገብ የቆርቆሮ ቁራጭ አስሮበታል። «ላሞቹ አይሰሟትም» አለኝ። «መሐል መንገድ ቆመው ያዩኛል እንጂ አይለቁም። ይሄን ካሰርኩ ወዲህ ሰላም ነው።»

ተራው ሲደርስ መርማሪው ዞር ዞር ብሎ አየለትና ቆርቆሮውን በእስክሪብቶው ነካ አደረገው።

«ጎማ አጠገብ የታሰረ ነገር አይፈቀድም።»

«አሁኑኑ ላንሳዋ፣ የኔ ወንድም።»

«ዛሬ ታይቷል፣ ወድቋል። አስተካክለህ በሚቀጥለው ዙር ና።»

«የሚቀጥለው መቼ ነው?»

«ይነገራችኋል።»

ሰውየው ባጃጁን እየገፋ በእኛ በኩል አለፈ። ቅድም ያጽናናኝ ሰው ቀና ብሎ አላየኝም።

ዞር ብዬ የእኛን የጀሪካን ምላስ አየኋት። ልጄ ግን «አስረዳዋለሁ» አለች። «ለምን እንዳሰርነው ልንገረው፤ አለቃቸው ቢሮ ውስጥ ነው አሉ፣ ቀድሜ እሱን ላናግረው።» ቱታዋን አራግፋ ወደ ቢሮው ሄደች። ከእኛ በፊት አንድ ባጃጅ ብቻ ነበር የቀረው።

ይነገራችኋል የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ስንት ነገር ይነገራችኋል ተብለን ሳይነገረን ቀርቷል። ባለቤቴን አየሁት፤ መሪውን ይዞ ተቀምጧል፣ ልክ ያኔ በላስቲኩ ሥር ይቀመጥ እንደነበረው። ለዳቦ ብዬ ዘንቢሌ ውስጥ የያዝኳት ቢላ ነበረች። ከባጃጇ ኋላ ቁጢጥ ብዬ የጀሪካኗን ምላስ ከሥሯ ቆረጥኳት። ቶሎ አልቆረጥ አለችኝ፤ እየገዘገዝኩ ነው የቆረጥኳት። ስነሳ ባለቤቴ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ፊቱን አዞረ። ቁራጯን ከዳቦው ሥር ከተትኳት።

ልጄ አለቃውን ሳታገኘው ተመለሰች፤ ተራችንም ደረሰ። መርማሪው ወንበሩን አስነሥቶ ገመዶቹን አየ፣ ባትሪዎቹን የያዘውን ብረት ነቀነቀ፣ ባለቤቴን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አስነዳው።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለች ልጄ።

«ንጹሕ ሥራ ነው። ምንም ድምፅ የላትም! እንዲህ ነው እንጂ።»

ያኔ ነው ያስተዋለችው። ጎንበስ ብላ ከጭቃ መከላከያው ላይ የቀረውን ጉማጅ በጣቷ ነካችው። ቀና ስትል መርማሪውን ሳይሆን እኔን አየችኝ። ልትናገር አፏን ከፈተች። ሁሉንም ልትነግረው እንደነበር አውቃለሁ፤ የመምህሩን ነገር፣ የቦዩን፣ የጀሪካኑን። እኔ ራሴን በትንሹ ነቀነቅኩ፣ አትናገሪ ብዬ። አፏን ዘጋች። ልማር ብዬ በልጅነቴ ያለቀስኩለትን ትምህርት እሷ ተምራ፣ የምትናገርበት ቀን ሲመጣ አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ።

ታፔላው ተሰጠን። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ባለቤቴ በሁለት እጁ ይዞት ቆመና ለማን እንደሚያሳየው ጠፋው።

ስንመለስ እኔና ባለቤቴ አይሱዙው ፊት ላይ ተቀመጥን። ልጄ ከኋላ ከባጃጇ ጋር መሆን መረጠች። አንዴ ዞሬ በመስኮቱ አየኋት፤ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ የመጣንበትን መንገድ ታያለች። ዓለም ገናን አልፈን ሰበታ ስንደርስ አስፋልቱ ዳር አወረድናት። የባጃጅ ልጆቹ ታፔላውን አይተው አጨበጨቡ። «ፋዘር፣ አስፋልት ወጣህ! ዲዳዋ አለፈች!» ባለቤቴ እጁን አነሳላቸው። ሦስታችንም ገባንና ወደ ሰፈር ታጠፍን።

ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ መምህሩን አየኋቸው። ቱቦው ጋ ቆመዋል፣ አዲስ ዱላ ይዘዋል። አንገታቸውን ወደ እኛ አዘንብለዋል፣ ጆሯቸውን ሰጥተው። ጀሶ ያለበት እጃቸው ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሆዳቸው ላይ ነው። ባለቤቴ ቀስ ብሎ ወረደ። እየተጠጋን ነው፤ እጃቸው አልተነሳም። ፊታቸው ላይ የነበረው ትንሽ ፈገግታም አልተለወጠም፣ አሁንም ይጠብቁናል። በሙሉ ዓይናችን እያየናቸው፣ እነሆ ደርሰን፣ እሳቸው ገና እየጠበቁን ነው።

«አባዬ፣ አቁም» አለች ልጄ።

አቆመ። ክላክሱን ሊነካ ይችል ነበር፣ አልነካም። ልጄም ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። የሚናገር ሰው እኔ ብቻ መሆኔ ገባኝ።

ወረድኩ። «መምህር፣ እኛ ነን» አልኩ።

ደነገጡ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ወደ ቦዩ በኩል፤ ዱላቸው ጠርዙን ነካና ቆሙ። «አዴ? በእግር ነው የመጣችሁት? ባጃጇስ?»

«እዚህ ናት። ከኋላዬ ናት።»

«ድምፁ የት ሄደ? ከለከሏችሁ?»

አዎ ብል ያበቃ ነበር። እውነትም ይመስል ነበር። የባጃጅ ልጆቹ ከኋላችን ተከትለው መጥተዋል፤ ሐጂም የአይሱዙውን ቁልፍ ከሹፌራቸው ሊቀበሉ ወጥተዋል፤ ሁሉም ይሰማል።

«እኔ ቆረጥኩት» አልኩ። «ያን ቀንም ክላክስ አትንካ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው እንዳያየን ብዬ።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። መምህሩ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ፈቃዱን አገኛችሁ?»

«አገኘን።»

«መልካም ነው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፣ አጣሁ። «እንግዲህ ልጅሽ ሌላ መላ እስክትፈጥርላት አንቺ ቅደሚያት። ሰፈር ውስጥ ስትገባም ስትወጣም። ድምፅ ሁኚላት።»

የቀልድ ይሁን የእውነት አላውቅም። ከባጃጅ ልጆቹ አንዱ «ማዘር ረዳት ሆነች!» አለ፣ ሌላው ዝም በል ብሎ ገፋው። መምህሩ ጠርዙን ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ።

ነጠላዬን ከራሴ ላይ አውርጄ ትከሻዬ ላይ አጣፋሁት። መሐል መንገድ ገባሁ። «ባጃጅ ነው!» አልኩ። መጀመሪያ ድምፄ አልወጣም። እንደገና አልኩ፣ «ባጃጅ እየመጣ ነው! መንገድ!» በሮች ተከፈቱ። አንዲት ሴት ሊጥ የነካ እጇን ይዛ ወጣች። ሐጂ ወደ ሱቃቸው ደፍ ተመልሰው ቆሙ። የራሴ ጫማ ኮረኮንቹ ላይ ሲንኳኳ ይሰማኛል፣ የራሴ ጩኸት ይሰማኛል። ከኋላዬ ግን ምንም አይሰማም። ልጄ ትከተለኝ፣ አትከተለኝ አላውቅም። ዞሬ ለማየት አፈርኩ። እንዲሁ እየጮህኩ እስከ በራችን ሄድኩ።